የክረምት ጎማ ለየትኛው ክረምት?

የሞምባሳን፣ የበርበራንና የጅቡቲን ወደብ አልፈው ወደ እኛ ከሚመጡት ያገለገሉ መኪኖች መካከል ጥቂት የማይባሉት ለበረዶ አገር የተሠራ ጎማ እንደተጫሙ ነው የሚወርዱት። ገዢው ጎማውን አይቶ ደስ ይለዋል። ጥርሱ ወፍራም ነው፣ ጎኑ አልተሰነጠቀም፣ በጣት ሲጫኑት ለስለስ ይላል። ሻጩም «ይሄ የክረምት ጎማ ነው» ብሎ ያሞግስለታል። የእኛ ሰው ይህን ሲሰማ በሐሳቡ የሚመጣው ሐምሌና ነሐሴ፣ የጎጃም ጭቃ፣ የናይሮቢ የሚያዝያ ዶፍ ነው። ነገሩ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው።

የእኛ ክረምት ዝናብ ነው። የጎማ ፋብሪካዎቹ የሚሉት ክረምት ግን ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ያለው፣ ውሃው መንገድ ላይ እንደ መስታወት የሚረጋበት ወቅት ነው። ሁለቱን በአንድ ቃል የጠራናቸው በትርጉም ነው። እንዲያውም በቀን መቁጠሪያ ካየነው እኛ ክረምት ስንገባ ጀርመንና ጃፓን በጋ ላይ ናቸው። የእኛን የሐምሌ ዝናብ የሚመስል፣ ለብ ያለ ዝናብ ሲዘንብበት ጀርመናዊው የሚነዳው እነሱ «የበጋ» በሚሉት ጎማ ነው። ስለዚህ እዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያንን ስም ትቼ አንዱን የበረዶ ጎማ፣ ሌላውን መደበኛ ጎማ እላለሁ። ዓመቶቹም ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

አራቱም የበረዶ ጎማ የሆኑበት መኪና ለእኛ መንገድ አይመችም። ከዚያ የከፋው ግን ሁለቱ አልቀው በሌላ ሲተኩ የሚፈጠረው ድብልቅ ነው፤ ፊት አንድ ዓይነት፣ ኋላ ሌላ ዓይነት። በመንገዳችን ላይ ቤተሰብና ሸቀጥ አሳፍሮ የሚሮጠው መኪና ብዙ ጊዜ እንዲህ ያለው ነው። እዚህ እንዴት እንደደረስን ለማየት ትንሽ ወደ ኋላ መሄድ ያስፈልጋል።

ጎማ የሚለው ቃል ራሱ የጣልያን ነው። ጣልያኖች ከ1935 ጀምሮ በጭነት መኪኖቻቸው ሲገቡ፣ ከመኪናው ጋር የመኪናው ቋንቋም ገባ። ጎሚስታ፣ ቸርኬ፣ ክሪክ፣ ፍሬን፣ ስኮርታ፣ ካምቢዮ ሁሉ ከዚያ ዘር ናቸው። ድንበር ስትሻገሩ ቃሉ ይለወጣል፤ ኬንያ ላይ ታይሪና ፓንቻ፣ ሶማሌ ዘንድ ታየር፣ እነሱ ከእንግሊዝ ወሰዱት። ሞያሌ ላይ አንድ ጎሚስታ ሦስቱንም ሲቀላቅል መስማት የተለመደ ነው። ከጣልያንም ከእንግሊዝም ያልመጣልን ግን የበረዶ ጎማ የሚባለው ነገር ስም ነው። ነገሩ ስላልነበረ ስም አላስፈለገውም ነበር።

ነገሩ የተወለደው ፊንላንድ ነው። በ1934 የፊንላንድ ጎማ ፋብሪካ ኬሊረንጋስ የተባለ ለጭነት መኪና የሚሆን ጎማ አወጣ። ጥርሶቹ በአግድም የተጋደሙ፣ በረዶውን እንደ መሰላል የሚረግጡ ነበሩ። በዓለም የመጀመሪያው የበረዶ ጎማ ተብሎ የሚቆጠረው እሱ ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ ለትንሽ መኪና የሚሆነው ሃካፔሊታ ተከተለ። ለስልክ ነጋዴዎቻችን አንድ ነገር ልጨምር፦ ይህ የጎማ ፋብሪካ በ1967 ከአንድ የወረቀትና ከአንድ የኬብል ኩባንያ ጋር ተዋሕዶ ኖኪያ የሆነው ነው። ያ ሁላችንም የያዝነው፣ ባትሪው ሳምንት የሚቆየው ስልክ የጎማው ታናሽ ወንድም ነው።

የመጀመሪያዎቹ የበረዶ ጎማዎች ከመደበኛው የሚለዩት በጥርሳቸው ቅርጽ ብቻ ነበር ማለት ይቻላል። ላስቲኩ ያው ነበር። ቀጥሎ በ1960ዎቹ ሚስማር መጣ። በጎማው ጥርስ ላይ ትናንሽ የብረት ሚስማሮች እየተተከሉ በረዶውን እንዲወጉ ተደረገ። ሚስማሩ በረዶ ላይ ድንቅ ነው፤ በረዶ በሌለበት አስፋልት ላይ ግን መንገዱን ይፍቃል። በጃፓን ሰሜናዊ ከተሞች፣ በተለይ በሴንዳይና በሳፖሮ፣ በ1980ዎቹ ክረምት ሲያልቅ ከተማው በአስፋልት ብናኝ ይሸፈን ጀመር። ሰው ሳል ያዘው፣ ልብስ ውጭ ማስጣት አልተቻለም። ሕዝቡ ጮኸ፤ በ1990 የጃፓን ፓርላማ የሚስማር ጎማን ብናኝ የሚከላከል ሕግ አወጣ፣ ፋብሪካዎቹም ሚስማር ያለበት ጎማ ማምረት አቆሙ።

የዛሬው የእኛ ገበያ ታሪክ ከዚህ ሕግ ጋር የተያያዘ ነው። ሚስማር ከተከለከለ በረዶውን የሚይዘው ምን ይሁን? መልሱ ላስቲኩ ራሱ ሆነ። ብሪጅስቶን በ1988 ብሊዛክ የተባለውን ጎማ ገበያ አውጥቶ ነበር። ላስቲኩ እንደ እንጀራ ዓይን በጥቃቅን ቀዳዳዎች የተሞላ ነው፤ በረዶ ላይ ያለችውን ስስ ውሃ ቀዳዳዎቹ ይመጧታል፣ ደረቁ ላስቲክ ደግሞ በረዶውን ይጨብጣል። ሌሎቹም የየራሳቸውን ሠሩ። ዘዴው ቢለያይም መሠረቱ አንድ ነው፦ በብርድ የማይደርቅ፣ እጅግ ለስላሳ ላስቲክ፣ በላዩም በመቶ የሚቆጠሩ ምላጭ የመሰሉ ቀጫጭን ስንጥቆች።

መደበኛ ጎማ ከ7 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች እየደረቀ ይሄዳል። የበረዶ ጎማ እዚያ ላይ ነው መሥራት የሚጀምረው። የአዋሽ ወይም የጋላፊ አየር 40 ዲግሪ ሲሆን አስፋልቱ ደግሞ ከአየሩ በ20 ዲግሪ ሊበልጥ ይችላል። 60 ዲግሪ አስፋልት ላይ ለዜሮ ዲግሪ የተቦካ ላስቲክ ምን እንደሚሆን ለማወቅ ኬሚስት መሆን አያስፈልግም። ጥርሱ ከሥሩ ይወላገዳል፣ መሪውን ስታዞሩ መኪናው ዘግይቶ ይታዘዛል፣ ፍሬን ስትይዙ ጥርሱ አስፋልቱን ከመንከስ ይልቅ ይታሻል። ጎማውም ቶሎ ያልቃል፤ ርካሽ ነው ተብሎ የተገዛው በጥቂት ወር ውስጥ ይላጣል።

«ታዲያ ጥርሱ ወፍራም ሆኖ ጃፓኑ ለምን ጣለው?» ብሎ የሚጠይቅ ነጋዴ ጥሩ ጠያቂ ነው። በጃፓን የበረዶ ጎማ ጥርሱ መካከል ፕላትፎርም የሚሉት ከፍ ያለ ምልክት አለ። ጥርሱ ግማሹ አልቆ እዚያ ምልክት ላይ ሲደርስ ጎማው ለበረዶ አይሆንም ተብሎ ይወጣል። አውሮፓም ተመሳሳይ ነው፤ ኦስትሪያ ውስጥ የበረዶ ጎማ ጥርሱ ከ4 ሚሊ ሜትር ሲያንስ እንደ በረዶ ጎማ አይቆጠርም፣ ስዊድን ውስጥ ልኩ 3 ሚሊ ሜትር ነው። መደበኛ ጎማ ግን ሕጉ የሚፈቅድለት እስከ 1.6 ሚሊ ሜትር ድረስ ነው። ስለዚህ እነሱ ሥራውን ጨርሷል ብለው የጣሉት፣ እኛ ገበያ ላይ ከጎኑ ካለው ያገለገለ መደበኛ ጎማ ይልቅ «አዲስ» መስሎ ይታያል። ወፍራምነቱ ውሸት አይደለም። የሚለካው በሌላ መለኪያ ነው እንጂ። በዚያ ላይ ዕድሜ አለ፤ ያ ልስላሴ በዓመታት ውስጥ እየደረቀ ስለሚሄድ አሮጌው የበረዶ ጎማ ለበረዶውም ለሙቀቱም የማይሆን ነገር ሆኖ ይቀራል።

እንዴት ወደ እኛ መጣ

በአንድ ወቅት ምሥራቅ አፍሪካ ጎማውን ራሱ ይሠራ ነበር። ናይሮቢ ውስጥ በ1969 ፋየርስቶን ፋብሪካ ቆመ፤ በኋላ ሳሚር አፍሪካ ተብሎ ያና የሚባለውን ጎማ ያወጣ ነበር። አሩሻ ላይ ጄኔራል ታየር ነበረ። አዲስ አበባ ላይ አዲስ ጎማ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ተቋቋመ፣ የስሎቫኪያው ማታዶር ገብቶበት ማታዶር አዲስ ጎማ፣ ቀጥሎም ሆራይዘን አዲስ ጎማ ተባለ። እነዚህ ፋብሪካዎች የሚያወጡት ጎማ ከውጭው ጋር ሲነጻጸር የሚያማርር ሰው ነበር፤ አንድ ነገር ግን ሊነሣባቸው አይችልም፦ በረዶን አስቦ የተሠራ ጎማ አልሸጡልንም። አሩሻው ከ2000ዎቹ መጨረሻ ወዲህ ቆሟል፣ የናይሮቢው በ2016 ማምረት አቆመ።

በሌላ በኩል ኬንያ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ገበያዋን ስትከፍት ያገለገለ የጃፓን መኪና በሞምባሳ ይጎርፍ ጀመር። ጃፓን መሪዋ በቀኝ ነው፣ ኬንያ፣ ኡጋንዳና ታንዛኒያም እንዲሁ፤ ተስማማ። ሐርጌሳ ደግሞ ሌላ ጉድ ነው፤ መኪናው መንገዱን የሚይዘው በቀኝ፣ መሪውም በቀኝ፣ በበርበራ የገባው ቪትዝ ከተማውን ሞልቶታል። ወደ ኢትዮጵያ የሚገባው በዱባይ በኩል እየዞረ፣ አንዳንዱም መሪው ወደ ግራ እየተዛወረ ነበር። መኪናው ከኦኪናዋ ከመጣ ጎማው እንደ እኛው የሙቀት ነው። ከሆካይዶ ወይም ከሰሜን ሆንሹ ከመጣ ግን፣ ያውም ባለ አራት ጎማ ጉልበት ከሆነ፣ የበረዶ ጎማ ተጫምቶ የመምጣቱ ዕድል ሰፊ ነው። ከአውሮፓ ያገለገለ ጎማ ብቻውን በኮንቴይነር ታጭቆ ሲመጣም አንዱ በአንዱ ውስጥ ስለሚጠቀጠቅ ማን ምን እንደሆነ የሚለየው ኮንቴይነሩ ከተራገፈ በኋላ ነው፤ ያም ከተለየ።

የኢትዮጵያ መንግሥት በ2024 መጀመሪያ ላይ በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ ደግሞ ያለው መኪና ዕድሜው እንዲረዝም ግድ ሆኗል። መኪናው በቆየ ቁጥር ጎማው ደጋግሞ ይቀየራል። አራቱን በአንዴ የሚቀይር ሰው ግን ጥቂት ነው።

መቀላቀል የዛሬ በሽታ አይደለም

የጎማ ድብልቅ ከበረዶ ጎማ በፊትም ሰው ገድሏል። ሚሼላን በ1946 ራዲያል የሚባለውን አሠራር በፈጠራ መዝገብ አስመዘገበ፤ ክሮቹ ከጎን ወደ ጎን በቀጥታ የሚያልፉ፣ ከላይ በብረት ሽቦ የታጠቀ ጎማ። እስከዚያ ድረስ የነበረው ክሩ በሰያፍ እየተጠላለፈ የተደራረበ፣ ጎኑ ደንዳና፣ በኋላ የእኛ ሾፌሮች ናይለን የሚሉት ዓይነት ነው። ራዲያሉ መንገድ ይጨብጣል፣ ዕድሜውም ይረዝማል። ነገር ግን ውድ ነበርና ሰው ሁለት ሁለት እየገዛ ይቀይር ጀመር። የት ይግጠመው? ፊት ነዋ፤ መሪው ያለው ፊት ነው።

በዚያ ዘመን የአውሮፓ መንገዶች ላይ የታየው ነገር የሚከተለው ነው። ፊቱ ራዲያል፣ ኋላው ናይለን የሆነ መኪና በደረቅ መንገድ ቀጥ ብሎ ሲሄድ ምንም አይታወቅበትም። ዝናብ ላይ መታጠፊያ ሲገባ ፊቱ አጥብቆ ይይዛል፣ ኋላው መያዝ ያቅተዋል፣ የመኪናው ጭራ ይወረወራል። ብሪታንያ ይህን በሕግ ከለከለች፦ በአንድ አክስል ላይ ሁለቱን መቀላቀል አይቻልም፣ ራዲያል ፊት ናይለን ኋላ ማድረግም አይቻልም። ሕጉ የተገላቢጦሹን፣ ማለትም ናይለን ፊት ራዲያል ኋላ፣ በትናንሽ መኪኖች ላይ አልከለከለም። ልዩነቱ ያለው ከኋላ ላይ ነው ማለት ነው።

ይህ ብዙ ሰው የማይቀበለው ነገር ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት። በጎሚስታ ደጃፍ የሚደረገው ወግ ናይሮቢ ኢስሊም ሆነ መርካቶ ጎማ ተራ ያው ነው።

«ጋሼ፣ ሁለቱን ብቻ ይቀይሩ፤ ሌሎቹ ገና ናቸው» ይላል ልጁ።

«እሺ፣ ግን አዲሶቹን ፊት ግጠምልኝ። የሚጎትተው ፊቱ አይደል?»

«ልክ ብለዋል ጋሼ።»

ጋሼ የተናገሩት ጉልበትን በሚመለከት እውነት ነው፤ ቪትዝም ሆነ ኮሮላ የሚጎትተው በፊት ጎማው ነው። መንሸራተት ግን ሌላ ጉዳይ ነው። የፊቱ ጎማ ሲንሸራተት መኪናው መታጠፉን እምቢ ብሎ ወደ ፊት ይሄዳል፤ ያስፈራል፣ ግን መሪው በእጃችሁ ነው፣ እግራችሁን ከነዳጅ ስታነሱ ፍጥነቱ ይቀንስና ጎማው ይመለሳል። የኋላው ሲንሸራተት የምትይዙት መሪ የለም። መኪናው ዞሮ ፊቱን ወደመጣበት ያደርጋል፣ ወይም በጎኑ ወደ መጣው ተሳቢ ይሄዳል። የጎማ አምራቾች ሁለት ጎማ ብቻ ከተቀየረ የተሻለውን ኋላ አድርጉ የሚሉት ለዚህ ነው፤ መኪናው በፊትም ይጎተት በኋላ ምክሩ አንድ ነው።

አሁን ወደ በረዶው ጎማ እንመለስ። ሰሜን አውሮፓ ውስጥ የሚፈሩት ድብልቅ የበረዶ ጎማ ፊት፣ መደበኛ ጎማ ኋላ የሆነውን ነው፤ በረዶ ላይ የበረዶው ጎማ ስለሚይዝና ኋላው ስለማይይዝ። በእኛ ሙቀት ላይ ግን ነገሩ ይገለበጣል። የሚይዘው መደበኛው፣ የሚንሸራተተው የበረዶው ነው። ስለዚህ እኛ ዘንድ አደገኛው መደበኛ ጎማ ፊት፣ የበረዶ ጎማ ኋላ ሲሆን ነው። እንግዲህ ከላይ ያለውን የጎሚስታ ወግ አስቡት፦ መኪናው አራት የበረዶ ጎማ ይዞ መጣ፣ ሁለቱ አለቁ፣ አዲስ የቻይና መደበኛ ጎማ ሁለት ተገዝቶ ፊት ተገጠመ። ለእኛ መንገድ ከሁሉ የከፋው ድብልቅ በጥሩ ሐሳብ ተሠራ። ከፈረንጅ የተጻፈውን ምክር እንዳለ ገልብጦ «የበረዶውን ኋላ አድርግ» የሚል ሰው ቢመጣም ወደዚያው ይወስደናል።

በደረቅ አስፋልት ላይ ሳምንት ሙሉ ቢነዱት ምንም ላይሰማ ይችላል። የሚሰማው ድንገት ግመል ሲገባ፣ ከሐርጌሳ ወደ በርበራ ቁልቁል ሲወረድ፣ ወይም ከመተሐራ አልፎ ፀሐይ ሲያነድ የቆየ አስፋልት ላይ የመጀመሪያው ዝናብ ሲወርድ ነው። ያ የመጀመሪያ ዝናብ የተከማቸውን አቧራና ዘይት አንስቶ መንገዱን ሳሙና ያደርገዋል። ዝናቡ ለብ ያለ ነው፤ የበረዶው ጎማ ላስቲክም የሚወደው ብርድ የለም።

በግራና በቀኝ መቀላቀል ደግሞ ከዚህ ሁሉ ይብሳል። ስኮርታው የበረዶ ጎማ ሆኖ በአንድ ጎን ሲገባ ፍሬን ሲያዝ መኪናው ወደ አንድ ወገን ይስባል። ስኮርታ ወደ ቅርቡ ጎሚስታ መድረሻ ነው። ከናይሮቢ ሞያሌ የ770 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ በእሱ መሄድ ሌላ ነገር ነው። ግን እናውቃለን፤ ይሄዳል።

ባለ አራት ጎማ ጉልበት መኪና ያላችሁ፣ ለምሳሌ ራቭ ፎር ወይም ሱባሩ ፎረስተር፣ ጉዳቱ ኪስም ይነካል። የበረዶውና የመደበኛው ጎማ ቁጥራቸው አንድ ቢሆንም ጥርሳቸው እኩል ካልሆነ ዙሪያቸው እኩል አይሆንም። ትንሹ ጎማ ብዙ ይዞራል፣ ትልቁ ጥቂት፣ በመካከል ያለው የፊቱንና የኋላውን የሚያገናኘው ክፍል ልዩነቱን ለማቻቻል ሳያርፍ ይታሻል። ሱባሩ በአራቱ ዙሪያ መካከል ያለው ልዩነት ከ6 ሚሊ ሜትር ገደማ እንዳይበልጥ ይመክራል። በሁለት ጎማ የተቆጠበው ገንዘብ ካምቢዮ ማስወረድ ሲመጣ የት እንደሚደርስ ነጋዴ ለነጋዴ አይነግረውም።

ለበረዶ ጎማ ፍትሕ ልስጠው። ጭቃ ላይ ጥሩ ነው። ጎኑ ላይ የሚጻፉት ኤምና ኤስ የሚባሉት ሁለት ፊደሎች የሚወክሉት ጭቃና በረዶ ነውና፣ ደጋ ላይ፣ በቀዝቃዛው የነሐሴ ጠዋት፣ አስፋልት በሌለበት የገጠር መንገድ ላይ ብቻ የሚሠራ ሰው አራቱንም የበረዶ ጎማ ቢያደርግ አልስቅበትም። ደብረ ብርሃን ኅዳርና ታኅሣሥ ሌሊት ውርጭ ይጥላል፤ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ግን ፀሐይዋ ጨርሳዋለች። የእኛ ነጋዴ ግን በአንድ ቀን ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ካለው አዲስ አበባ ተነሥቶ ባሕር ጠለል ላይ ያለው ጅቡቲ የሚደርስ ሰው ነው። ለጠዋቱ ብርድ የተመረጠ ጎማ የቀትሩን ሙቀት አይችልም።

ጎማውን ለመለየት የጎኑን ጽሑፍ ማንበብ ይበቃል። የጃፓኑ ላይ ስተድለስ የሚል ቃል በእንግሊዝኛ ተጽፎ ይገኛል፤ ሚስማር የሌለው ማለት ነው፣ ያ የ1990 ሕግ በላስቲክ ላይ የተወው ፊርማ ልትሉት ትችላላችሁ። ከስሙ ብሊዛክ፣ አይስጋርድ፣ ዊንተር ማክስ፣ ኤክስ አይስ የሚል ካያችሁ ጥያቄ የለውም። ከ1999 ወዲህ የመጣው ምልክት ደግሞ ሦስት ጫፍ ያለው ተራራ፣ በውስጡም የበረዶ አበባ ያለበት ነው፤ ይህን በአውሮፓው ጎማ ላይ ፈልጉ። ኤምና ኤስ ብቻ ካለ ግን አትቸኩሉ፤ ብዙ የላንድክሩዘርና የፒክአፕ መደበኛ ጎማዎችም ይህን ጽሑፍ ይይዛሉ። ከጎማው ቁጥር ቀጥሎ ኪው የሚለው ፊደል ካለ ጎማው የሚችለው ፍጥነት በሰዓት 160 ኪሎ ሜትር ድረስ ነው፣ በጃፓን የበረዶ ጎማዎች ላይ የተለመደ ነው። ጣታችሁን ጥርሱ ላይ ስታሳልፉ እያንዳንዱ ጥርስ በምላጭ የተተለተለ ከመሰላችሁ ያው ነው።

ዕድሜውን ለማወቅ ዶት ከሚለው ጽሑፍ በኋላ በስተመጨረሻ ያሉትን አራት ቁጥሮች ተመልከቱ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሳምንቱን፣ የኋለኞቹ ሁለቱ ዓመቱን ይናገራሉ፤ 4117 ካለ በ2017 በ41ኛው ሳምንት፣ ማለትም በጥቅምት የተሠራ ነው። ሦስት ቁጥር ብቻ ካለ ጎማው ከ2000 በፊት የተሠራ ነውና ለመኪና ሳይሆን ለሌላ ነገር አስቡት።

የገንዘቡ ጉዳይ እውነተኛ ነው፤ አራት አዲስ ጎማ በአንዴ ግዛ ማለት ለብዙ ቤተሰብ የትምህርት ቤት ክፍያ ይዘህ ና ማለት ነው። አራት የበረዶ ጎማ ላይ ያለ ሰው ሁለት ብቻ መግዛት ከቻለ፣ መደበኛዎቹን ኋላ ያድርግ፣ የበረዶዎቹን ፊት፣ የፊቶቹም እስኪቀየሩ ቆላ ላይ ፍጥነቱን ይቀንስ። ፍሬን ሲይዝ መኪናው ዘግይቶ ይቆማል፣ መታጠፊያ ላይም ፊቱ ይከብዳል፤ ጭራው ግን አይወረወርም። ንፋሱ ጠዋት፣ ጎማው ሳይሞቅ፣ በመኪናው በር ላይ በተጻፈው ልክ ይሞላ። መንገድ ላይ ጎማ ሞቀ ብሎ ንፋስ መቀነስ የቆየ ልማድ ነው፤ የቀነሰ ጎማ ይበልጥ ይታጠፋል፣ ይበልጥም ይሞቃል፣ ለስላሳው የበረዶ ጎማ ደግሞ ከሁሉ ይልቅ።

ከወጡ በኋላ የበረዶዎቹ ጎማዎች ምን ይሁኑ የሚል ካለ፣ ለፈረስና ለአህያ ጋሪ ይሆናሉ። ጋሪ 160 አይሮጥም፣ መታጠፊያ ላይም አይወረወርም። በረባሶ ለማድረግ ግን አይመቹም፤ ኬንያውያን አካላ የሚሉትም እኛ በረባሶ የምንለውም ጫማ የሚወደው የድሮውን ናይለን የጭነት ጎማ ነው። የራዲያሉ ሽቦ ቢላዋ ያበላሻል፣ እግርም ይወጋል።